ከቦረቦር ዳር ወደ መማሪያ ክፍል፤ ለቃጫ ያልታየ ገበያ

በሰኔ ከሰዓት በኋላ ወግዲ ላይ ዝናብ ሲወርድ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያለ መማሪያ ክፍል ምን እንደሚመስል በአካባቢው የተማረም ያስተማረም ያውቀዋል። መምህሩ ድምፁን አንዴ ሁለቴ ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጦ እስኪያባራ ይጠብቃል። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ከንፈሩን እያዩ ለመከተል ይሞክራሉ። ከኋላ ያሉት ተስፋ ቆርጠው እርስ በርስ ያወራሉ። ዝናቡ ሲያቆም ደወሉ ተደውሏል። የጠፋውን ክፍለ ጊዜ ማንም አይመዘግበውም።

ከትምህርት ቤት አጥር ውጭ ወጣ ብሎ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርዱትን ተዳፋቶች ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተውላል። በቦረቦር አፋፍ፣ በእርሻ ድንበርና በመንገድ ዳር እንደ ጦር የሾሉ ቅጠሎቹን ዘርግቶ የቆመ ቃጫ አለ። አፈር ይይዛል፣ ከብት ያግዳል፣ ድርቅ ይችላል። ድሮ ደግሞ ገመድ ይሆን ነበር። ዛሬ ግን የገበያው ገመድ ናይለን ነው፤ እህል የሚጫነውም ሕዝቡ በለመደው አጠራር “ማዳበሪያ” በሚለው የፕላስቲክ ከረጢት ነው። ቃጫ ፍቆ፣ አድርቆ፣ ገምዶ ገበያ የሚያወጣ ሰው ልፋቱን የሚመልስ ዋጋ ስለማያገኝ ተክሉ ከአጥርነት ያለፈ ዋጋ አጥቷል።

የሚጮኸው ክፍልና ገበያ ያጣው ተክል የሚገኙት በአንድ ቀበሌ ውስጥ ነው፤ እስካሁን ግን አልተገናኙም። ሊገናኙ የሚችሉበት መንገድ መኖሩን፣ ይህም ለአርሶ አደሩም ለተማሪውም የሚበጅ መሆኑን ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ቃጫ ድምፅን እንዴት ይውጣል?

ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። ጠንካራና ለስላሳ ገጽ ሲያገኝ፣ ለምሳሌ የሲሚንቶ ልስን፣ ቆርቆሮ ወይም መስታወት ላይ ሲያርፍ፣ ነጥሮ ይመለሳል። መምህሩ የተናገረው ቃል ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ሲቆይ ቀጥሎ ከሚመጣው ቃል ጋር ይደባለቃል። ጆሮ ድምፁን ይሰማል፤ ቃሉን ግን አይለይም።

ሳስቶ የተጠቀጠቀ የቃጫ ንጣፍ ሲያገኝ ግን ድምፁ በክሮቹ መካከል ወዳሉት ጥቃቅን ክፍተቶች ይገባል። በዚያ ያለው አየር ወዲያና ወዲህ ሲል ከክሮቹ ጋር ይፋተጋል፤ በፍትጊያውም የድምፁ ጉልበት በእጅ ወደማይለይ ሙቀት ተቀይሮ ይጠፋል። አንድ ቁስ ድምፅን የሚውጥበት መጠን ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ይገለጻል፤ 0 ሁሉን የሚመልስ፣ 1 ሁሉን የሚውጥ ነው።

ይህን መለካት የጀመረው ዋላስ ሳቢን የተባለ የአሜሪካ ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 ዩኒቨርሲቲው ማንም ተናጋሪ የማይሰማበትን አዲስ አዳራሽ እንዲያስተካክል ሥራ ሰጠው። በአዳራሹ የተነገረ ቃል 5 ሴኮንድ ተኩል ያህል ሳይጠፋ ይቆይ ነበር። ሳቢን በሌሊት ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራስ እያስጋዘ፣ አንድ በአንድ እየጨመረ፣ ድምፁ የሚቆይበትን ጊዜ ለካ። ትራሱ በበዛ ቁጥር ጊዜው አጠረ። ከዚህ ተነስቶ ያገኘው ቀመር ዛሬም የአዳራሽና የክፍል ድምፅ የሚሰላበት መሠረት ነው፤ የክፍሉ ይዘት በሜትር ኩብ በ0.161 ተባዝቶ በክፍሉ ውስጥ ላለው የመዋጥ አቅም ድምር ይካፈላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ድምፅ ሳይጠፋ የሚቆይበት ጊዜ ወደ 0.6 ሴኮንድ እንዲሆን፣ ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት ከሌላ ምንጭ የሚመጣው ጫጫታም ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። የአንድ ሰው ተራ ንግግር በአንድ ሜትር ርቀት ላይ 60 ዴሲቤል ያህል ነው፤ ርቀቱ በጨመረ ቁጥርም ይቀንሳል። ተማሪ ቃሉን አጥርቶ እንዲለይ የመምህሩ ድምፅ ከጫጫታው በ15 ዴሲቤል ያህል መብለጥ ይኖርበታል። ጎርፍ የሚያወርድ ዝናብ ባዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይህ ልዩነት እንደማይኖር ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም።

ሣር ቤቱ ያውቀው የነበረው

ነገሩ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በሰንበሌጥ በተከደነ ጎጆ ውስጥ ያደገ ሰው ዝናብ መጣሉን የሚያውቀው ከታዛው በሚወርደው ጠብታ ነው። የክዳኑ ውፍረትና በሣሩ ዘንጎች መካከል ያለው አየር የጠብታውን ምት ይቀበለዋል። ግድግዳውም ጭቃ በጭድ ነው። 

ይህን ስንል ወደ ሣር ክዳን እንመለስ ማለታችን አይደለም። ቆርቆሮ የመጣው በምክንያት ነው። ሣር ክዳን በእሳት ይያያዛል፣ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይፈልጋል፣ ሰንበሌጥም እንደ ድሮው በየሜዳው አይገኝም። ቆርቆሮው ውኃ በመከላከል ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ያጎደለው ዝምታን ነው፤ የጎደለውን ደግሞ ከሥር በሚደረግ ሌላ ንብርብር መተካት ይቻላል።

ከተማ ውስጥ ይህ ንብርብር ኮርኒስ ይባላል። አቅም ያለው በቺፑድ ወይም በኮምፔርሳቶ፣ አቅም ያጠረው ደግሞ በአቡጀዴ ወይም በተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት ይሠራዋል። በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ግን ከዚህ አንዱም የለም፤ ተማሪው ቀና ሲል የሚያየው የቆርቆሮውን ሆድ ነው።

ሁለት ችግር፣ ሁለት መፍትሔ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነጥብ መለየት ያስፈልጋል። ድምፅን መዋጥና ድምፅን ማገድ አንድ አይደሉም። ቃጫ የሚውጠው ክፍሉ ውስጥ የሚነጥረውን ድምፅ ነው። የዝናቡን ምት ለማገድ ግን ክብደት ያስፈልጋል፤ ሳሳ ያለ ነገር ብቻውን አያግድም።

ስለዚህ ለዝናቡ ጠንካራ ኮርኒስ ይሠራል፤ በኮርኒሱ ጀርባ ላይ ደግሞ የቃጫ ንጣፍ ይዘረጋል። ንጣፉ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ እንደ ከበሮ እንዳያስተጋባ ያደርጋል። ለመምህሩ ቃል መነጠር ደግሞ ሌላ የቃጫ ንጣፍ ከኮርኒሱ ሥርና በኋላኛው ግድግዳ የላይኛው ክፍል ላይ ይሰቀላል።

በቁጥር እንየው። 7 በ8 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል ይዘቱ 168 ሜትር ኩብ ነው። የተለሰነው ግድግዳ፣ ወለሉና ጣሪያው ተደምረው 12 ሜትር ካሬ ያህል የመዋጥ አቅም አላቸው እንበል። የ50 ተማሪዎች አካልና ልብስ ሌላ 17.5 ይጨምራል ብለን እንውሰድ። በሳቢን ቀመር ድምፁ 0.92 ሴኮንድ ይቆያል ማለት ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ የመዋጥ አቅሙ 0.6 የሆነ 28 ሜትር ካሬ የቃጫ ንጣፍ ብንሰቅል አቅሙ በ16.8 ያድጋል፤ ጊዜውም ወደ 0.58 ሴኮንድ ይወርዳል። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክረው ጋር የሚቀራረብ ነው። ስሌቱ ግምት ላይ የቆመ ምሳሌ ቢሆንም የሥራውን ስፋት ያሳያል፤ የሚያስፈልገው የጣሪያውን ግማሽ የሚያህል ስፋት ነው።

ይህ ከአርሶ አደሩ ማሳ ምን ይጠይቃል? የንጣፉ ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ በሜትር ኩብ 60 ኪሎ ግራም ከሆነ ለ28 ሜትር ካሬ 84 ኪሎ ግራም ቃጫ ይበቃል። ሲሳል የሚባለው የቃጫ ዓይነት ከእርጥብ ቅጠሉ ክብደት 4 በመቶ ያህሉ ብቻ ክር ነው። እናም ለአንድ ክፍል 21 ኩንታል ያህል እርጥብ ቅጠል መቆረጥ አለበት። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ የሲሳል ተክል በዕድሜው ከ200 በላይ ቅጠል ይሰጣል፣ ከተተከለ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ውስጥም መቆረጥ ይጀምራል።

ለምን ቃጫ፣ ለምን ጭድ አይሆንም?

የእህል ተረፈ ምርትም ድምፅ ይውጣል። የጤፍ ጭድ፣ የስንዴና የገብስ ገለባ ሁሉ ክፍተት ያላቸው ቁሶች ናቸው። በሌሎች አገሮች የተጨመቀ ገለባ ለግድግዳ መሥሪያነት ሲውል ቆይቷል። ወግዲና ቦረና ላይ ግን ጭድ ትርፍ አይደለም፤ የበሬውና የላሟ የበጋ ቀለብ ነው። ጭድን ከከብቱ አፍ ነጥቆ ኮርኒስ ማድረግ አንዱን ቀዳዳ ለመድፈን ሌላውን መክፈት ይሆናል። ስለዚህ የሚመረጠው ከብት የማይበላው፣ ለእህል የሚሆን መሬት የማይሻማ ተክል ነው። ቃጫ ይህን መስፈርት ያሟላል።

ሌላም ጥቅም አለው። በየዓመቱ በበጋ በሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ሥራ የተሠራው እርከን በተክል ካልተጠናከረ በክረምቱ ይናዳል። ባለሙያዎች ሥነ ሕይወታዊ ዘዴ የሚሉት ይህንን የተክል ድጋፍ ነው። አርሶ አደሩ ግን ጥቅም የማይሰጠውን ተክል ለረጅም ጊዜ አይንከባከብም። ከቦረቦሩ ዳር ያለው ቃጫ ገቢ ካመጣ ጠባቂ ያገኛል፤ ጠባቂ ያገኘ ቦረቦር ደግሞ ይድናል። በቆረጣው ወቅት የውጭዎቹ ቅጠሎች ብቻ እንዲነሱ፣ ሥሩና እምብርቱ እንዳይነካ ማድረግ ግን ግድ ነው።

ቃጫ አንድ ድክመት አለበት። ክሩ ወፍራም ነው። የሲሳል ክር ከ100 እስከ 300 ማይክሮ ሜትር ይወፍራል፤ ከውጭ የሚገባው የመስታወት ሱፍ ክር ግን ከዚህ በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ የቀጠነ ነው። ክሩ ሲወፍር አየሩ በቀላሉ ስለሚያልፍ ፍትጊያው ያንሳል። ይህን ለማካካስ ወይ ጠቅጠቅ ማድረግ፣ ወይ ማወፈር፣ ወይ ከግድግዳው ጥቂት ሴንቲ ሜትር አርቆ መስቀል ያስፈልጋል። አራተኛው መንገድ ቀጭን ክር መቀላቀል ነው። የጥጥ ክር ከ20 ማይክሮ ሜትር አይበልጥም። ደቡብ ወሎ ደግሞ በቅርቡ ኮምቦልቻ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለው። ከፈትል ሥራ የሚተርፈው የጥጥ ብናኝና ቁርጥራጭ ከቃጫ ጋር ቢቀላቀል ቃጫው አጥንት፣ ጥጡ ሥጋ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እዚህም ይሠራል።

ስለ እንቁላል ካርቶንም አንድ ቃል እንበል። በየከተማው ያሉ አነስተኛ ስቱዲዮዎች ግድግዳቸውን በእንቁላል መያዣ ካርቶን ሲለብጡ ይታያል። ካርቶኑ ስስ በመሆኑ የሚቀንሰው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው፤ የሰው ንግግር ዋና ጉልበት ባለበት ወፈር ያለ ድምፅ ላይ የሚሠራው ሥራ ትንሽ ነው። ለዋጋው ተብሎ ትምህርት ቤት ላይ እንዳይደገም።

ሳይጠነቀቁ መጀመር አይገባም

የተክል ክር ይነዳል። ሕፃናት ባሉበት ክፍል ጣሪያ ላይ የሚነድ ነገር እንዲሁ መስቀል ወንጀል ነው። ክሩ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውኃ ተነክሮ ሲደርቅ እሳት የመያዝ ባሕርዩ ይቀንሳል፤ ነፍሳትም ይርቁታል። ይህ የታወቀ ዘዴ ቢሆንም መጠኑና አያያዙ በባለሙያ መወሰን፣ ውጤቱም በእሳት መፈተን አለበት።

ሁለተኛው እርጥበት ነው። በደጋው የሌሊት ቅዝቃዜ ቆርቆሮ ከሥሩ ያልባል። ቃጫው ቆርቆሮውን ከነካ ላቡን ጠጥቶ ይሻግታል። ስለዚህ በመካከላቸው አየር የሚተላለፍበት ክፍተት መተው የግድ ነው። አይጥ እንዳይገባበትም ጠርዙ መዘጋት አለበት።

ሦስተኛው ቀለም ነው። ንጣፉ እንዲያምር ተብሎ ቀለም ወይም ኖራ ከተቀባ ክፍተቶቹ ይደፈናሉ፤ ሥራውም ያበቃል። መሸፈን ካስፈለገ አየር በሚያሳልፍ ሳሳ ያለ ጨርቅ ይሁን።

አራተኛው የቃጫው አወጣጥ ነው። ቅጠሉን በወንዝ ውስጥ ነክሮ ማበስበስ የወንዙን ውኃ ያበላሻል፣ ከታች ያሉ ሰዎችና ከብቶችም ይጎዳሉ። የቅጠሉ ጭማቂ ደግሞ ቆዳን ያሳክካል። ስለዚህ ፍቆ ማውጣቱ ከወንዝ በራቀ ቦታ፣ ጓንት ተደርጎ፣ ቢቻል በመፋቂያ ማሽን መሆን አለበት። የሚቀረው ተረፈ ምርት ኮምፖስት ሊሆን ይችላል።

ዓለም የሄደበት መንገድ

የቃጫ ታሪክ ትንሽ ጅምር ምን እንደሚያፈራ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1893 ሪቻርድ ሂንዶርፍ የተባለ ጀርመናዊ የግብርና ባለሙያ አንድ ሺህ የሲሳል ችግኝ ከፍሎሪዳ ወደ ዛሬዋ ታንዛኒያ ላከ። ከጉዞው የተረፉት 62 ብቻ ነበሩ። ከእነዚያ የተባዛው ተክል ታንዛኒያን ከዓለም ቀዳሚ የሲሳል አምራቾች ተርታ አሰልፏት ነበር። በኋላ ሰው ሠራሽ ገመድ ሲመጣ ገበያው ወደቀ። የእኛ አርሶ አደር ገመድ ላይ የደረሰው በትልቁ እዚያም ደርሷል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 2009ን ዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ክሮች ዓመት ብሎ ሲሰይም አንዱ ምክንያት ይህ ነበር፤ የክር አምራች ገበሬዎች አዲስ ገበያ እንዲያገኙ። ድምፅና ሙቀት የሚከላከሉ የግንባታ ቁሶች ከእነዚህ ገበያዎች አንዱ ናቸው።

ማን ምን ያድርግ?

ዕውቀቱ ከክልላችን ውጭ አይደለም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስለ ክር የሚያስተምርና የሚመራመር ተቋም ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ በምዕራብ ደቡብ ወሎ መካከል ይገኛል። የመጀመሪያው ንጣፍ ምን ያህል እንደሚውጥ፣ እሳትና እርጥበትን ምን ያህል እንደሚችል በቤተ ሙከራ ለክቶ ማስረዳት የእነዚህ ተቋማት ድርሻ ነው። ውጤቱ ሲጸና ደግሞ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ደረጃ ሊያወጣለት ይገባል።

የግብርና ጽሕፈት ቤቶች በተፋሰስ ዕቅዳቸው ውስጥ ቃጫን ከአጥርነት ወደ ምርትነት ከፍ ያድርጉት። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች መፋቂያውንና መጭመቂያ ቅርጹን ይሥሩ፤ ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶችን በዚሁ ያደራጁ። ከሁሉ በላይ ግን ገዥ ያስፈልጋል። ገበያ ሳይኖር አርሶ አደሩን ተክል ማለት ከዚህ በፊት በሌሎች ተክሎች ያየነውን ቅሬታ መድገም ነው። በ“ትምህርት ለትውልድ” ንቅናቄ በርካታ ትምህርት ቤቶች እየታደሱ ነው። በየእድሳቱ ግድግዳና ወለል ይጠቀሳል፤ ተማሪው መምህሩን መስማት መቻሉ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም። ትምህርት ቢሮው ይህን አንድ መስመር ቢጨምር ገበያው በዚያው ቀን ይፈጠራል።

ለመጀመር ብዙ በጀት አይጠይቅም። በአንድ ትምህርት ቤት ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች በአንዱ ንጣፉ ይሰቀል፣ ሌላው እንዳለ ይቆይ። ዝናብ በሚዘንብበት ቀን መምህሩ ለሁለቱም ክፍሎች ተመሳሳይ የቃል ጽሕፈት ይስጥ። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ስንት ቃል በትክክል እንደጻፉ ይቆጠር። ይህን መለኪያ ለመረዳት ወላጅም፣ የቀበሌ አመራርም፣ የቢሮ ኃላፊም መሐንዲስ መሆን አይጠበቅባቸውም።

ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ያጣነው አንድ ኩንታል የማይሞላ ቃጫና የጥቂት ቀናት ጉልበት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ግን እስካሁን በየዝናቡ ሲጠፋ የኖረውን ትምህርት ልክ እናውቃለን። በሁለቱም መንገድ ከግምት እንወጣለን። ቃጫው ከቦረቦሩ ዳር ቆሟል፤ የሚቀጥለው ዝናብም ቀጠሮ አይጠይቅም። ሙከራው ከዚያ በፊት ይጀመር።